በቀቀኗን ከጉርሻ ያስጣልኩበት ሰሞን

ሥራ የገባሁ ዕለት ነጭ ሱሪዬን አጥቤ፣ ብዕር ይዤ ነበር የሄድኩት። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ነው። አራዳ ገበያው አጠገብ ሙሴ ኮስታ የሚባል ግሪክ ሱቅ ነበረው። ማንበብና መጻፍ ስለምችል ጸሐፊ ያደርገኛል ብዬ ነበር። ወደ ውስጥ አስገባኝና ጥጥ የተነጠፈበት ቅርጫት አስያዘኝ። ላባ ያላወጣች፣ ዐይኗ በቅጡ ያልተገለጠ የበቀቀን ጫጩት ተኝታበታለች።

“ጸሐፊ አለኝ” አለ። “ለዚች እናት ነው ያጣሁት።”

ሙሴ ኮስታ ከጅማ በኩል የሚመጡ ወፎች እየገዛ ወደ አገራቸው ለሚመለሱ ፈረንጆች ይሸጥ ነበር። በእጅ ያደገች በቀቀን ሰው ስለማትፈራ ትወደዳለች። እምቢ ብዬ እንዳልወጣ፣ ገና ሥራው ሳይያዝ ለአባቴ መልእክት ልኬበት፣ እሱም አገር ቤት “ልጄ አራዳ ጸሐፊ ሆነ” ብሎ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርቷል። ቅርጫቱን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። የአጃ አጥሚት በስሱ ይሠራል። ሙቀቱ በክንድ ቆዳ ይሞከራል፤ ከተኮሰ ጉሮሮዋን ያቃጥላታል፣ ከቀዘቀዘ ሳይፈጭ ይቀራል። ጠርዙ በሁለት በኩል ወደ ውስጥ በታጠፈ ማንኪያ ይሰጣታል። ከአንገቷ ሥር ያለው ከረጢት ሲወጠር ማቆም ነው። ከዚያ አፏን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ። ሱቁ መስኮት ስላልነበረው ይህን ሁሉ የምሠራው በሩ አጠገብ፣ አላፊ አግዳሚው እያየኝ ነበር።

ከጎናችን ጠጅ ቤት የነበራቸው እትዬ ዘውዴ “ሞግዚቱ” የሚል ስም አወጡልኝ። አራዳ ላይ ስም ከወጣ አለቀ። “ሞግዚቱ፣ የልጅቱ ሰማንያ አልሞላም እንዴ? ክርስትና አትጠራንም?” ይሉኛል። ጠጪዎቹ ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ማታ ወደ ቤቴ፣ ወደ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ስገባ ግን የሚያውቀኝ እንዳያገኘኝ በጓሮ መንገድ እዞር ነበር።

ላባዋ ሞልቶ አረንጓዴ ስትሆን ሙሴ ኮስታ ጠራኝ። “አሁን ከእጅ ትላቀቅ። ራሷ ካልበላች ባቡር ላይ ማን ያጎርሳታል? መንገድ ላይ ትሞታለች” አለኝ። ገዢዋ አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ ነበረች፤ በሳምንቱ መጨረሻ ትሄዳለች። እኔም የበቆሎ ንፍሮ በሳሕን አቀረብኩላት። ረገጠችው። በማንኪያ የምሰጣትን ባሳነስኩ ቁጥር ክንፏን እያርገበገበች ትጮኻለች።

ጩኸቷን ደግሞ አራዳ አልቻለም። እየለመነች ዝም ማለት ነውር ነው እያለ ያለፈ ሁሉ ያጎርሳታል። እትዬ ዘውዴ ከምሳቸው ቆንጥረው “በሞቴ!” ይሏታል፣ ለወፍ። በሞቴ የተባለ ጉርሻ አይመለስም፤ እሷም አትመልስም። እኔም የትልቅ ሰው እጅ መመለስ አፍሬ ተውኳቸው። እጅ ባየች ቁጥር አፏን ከፍታ መጠበቅ ለመደች፤ ቁንጥሩ ደግሞ አያጠግባትም። ከማንኪያውም ተቀንሶባት፣ ንፍሮውንም ሳትበላ፣ የደረቷ አጥንት እንደ ቢላ ስለት ሆነ።

ሙሴ ኮስታ ደረቷን ዳሰሰና “ከስታለች” አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ማንኪያውን መለስኩላት። አጠገቧ ተቀምጬ ቆሎ ስቆረጥም አፌን ትኩር ብላ ታያለች፤ እጄ ሲነሣ ግን አፏን ትከፍታለች። ያን ጊዜ ገባኝ። ስበላ ማየት አለባት፤ እጄን ማየት ግን የለባትም። ልትወሰድ አንድ ቀን ሲቀራት ሳሕኑን መሬት ላይ አስቀምጬ ተንበረከኩ። እጆቼን ከጀርባዬ አቆላልፌ ንፍሮውን በከንፈሬ እየለቀምኩ መብላት ጀመርኩ። አንገቷን አዘንብላ ቀረበች። አንድ ፍሬ አነሣች። ጣለችው። መልሳ አነሣች።

“እጅህን ማን አሰረው?”

አባቴ ነው። ሊጠይቀኝ ከአገር ቤት መጥቶ፣ ዱላውን ጨብጦ በር ላይ ቆሟል። ፈረንጁ ቀጥቶኝ እንደ ውሻ መሬት ላይ የሚያበላኝ መስሎታል። “የት አለ? የታለ ያሰረህ?” እያለ ገባ።

ዘልዬ ተነሥቼ ጉልበቱን ሳምኩ። “ማንም አላሰረኝም፣ አባባ። ወፏን መብላት እያስተማርኳት ነው።”

እጆቼን ዐየ። ሳሕኑን ዐየ። “ታስረህ ቢሆን ይሻለኝ ነበር” አለ።

ከኋላዬ በቀቀኗ መጮኽ ጀመረች። ንፍሮውን ትታ እጄን እያየች አፏን ከፍታለች። ዛሬ ካልበላች ነገ ባቡር ላይ ነች። አባቴ ከሩቅ መንገድ ነው የመጣው፤ አስቀምጬ እግሩን ማጠብ ነበረብኝ። እኔ ግን “ይቅር ይበሉኝ” ብዬ ፊቱ ተንበረከኩ፤ እጆቼን ወደ ኋላ አድርጌ አፌን ወደ ሳሕኑ መለስኩ። እስከ ጆሮዬ ጋልኩ። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ርምጃው ሲርቅ ሰማሁ። የሱቁ በር ተዘጋ። ውጭ እትዬ ዘውዴ “ጌታዬ፣ ምነው በጠራራ ፀሐይ ዘጉት? ውስጥ ማን አለ?” አሉ።

“ማንም የለም” አለ አባቴ፣ በሩን ተደግፎ።

በበሩ ስንጥቅ በሚገባው ብርሃን በቀቀኗ አንድ ፍሬ በእግሯ ይዛ ቆረጠመች። ዋጠች። ሌላ አነሣች። እስክትጠግብ አብሬያት በላሁ። በሩን ስከፍት አባቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። እኔን ይሁን ራሱን የደበቀው አልጠየቅኩትም። አገር ቤት ተመልሶም እስኪሞት ድረስ “ልጄ ጸሐፊ ነው” ሲል ኖረ።

በቀቀኗ በማግሥቱ ሴትዮዋ ፊት ንፍሮዋን በልታ ሄደች። ከዚያ በኋላ ብዙ ወፍ አሳደግኩ፤ ዘዴው አልተለወጠም። ዛሬ ይህን ሥራ ለያዛችሁ፦ ማንኪያውን ቀስ እያላችሁ ቀንሱ እንጂ አታስርቡ። አብራችሁ ብሉ። እጃችሁን አታሳዩ። ሰው ያያችኋል፤ ታፍራላችሁ። እኔ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። እያፈራችሁ ሥሩት።