አስከሬን ከተነሣ በኋላ የሚደርስ ሰው

ከእድሬ ሰረዙኝ። በስንት ጎረቤት ሬሳ ሥር ትከሻዬን ያስገባሁበት፣ ስንት ድንኳን የተከልኩበትና የነቀልኩበት የቀበና እድር፣ «ለቀብር ዘግይቶ ይመጣል» ብሎ ሰረዘኝ። ቤቴ ውስጥ ደግሞ አልጋ የያዘች እናት አለችኝ። እድር የሌለው ሰው እናቱን ማን ይቀብርለታል? በደሉ ይኸው ነው፤ አላሳምረውም።

የዘገየሁት ወድጄ አይደለም። የወንዝ ዳር ሰፈራችን ሲፈርስ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ገባን። የእድሩ ጡሩንባ አባዶ ድረስ አይሰማም። አንዱ አዝኖ እስኪደውልልኝ፣ የታክሲው ሰልፍ እስኪደርሰኝ፣ አስከሬኑ ከቤት ይነሣል። የእኛ እድር ስም የሚጠራው ደግሞ አስከሬን ሲነሣ ነው። ከዚያ በኋላ መቃብሩን ብቻህን ብትቆፍር አይቆጠርልህም። እኔ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነበር የምደርስባቸው፤ ከሽማግሌዎቹም ኋላ፣ ዱላ ከያዙት ባልቴቶችም ኋላ፣ እያለከለክሁ።

በስብሰባው ላይ የእድሩ ጸሐፊ ተነሣ። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ጎረምሳ ነው፤ ሲወለድ እልልታውን በግድግዳ ሰምቼዋለሁ።

«ጋሼን አከብራቸዋለሁ። ግን እንዲህ ያሉ ስትራግለሮችን ተሸክመን እድሩ አይዘልቅም» አለ።

ወጣቶቹ ሳቁ። እነሱ ሲስቁ ቃሉን የማያውቁትም ሳቁ።

«ምን አልከኝ?»

«ስድብ አይደለም እኮ ጋሼ።»

«ስድብ ካልሆነ በአማርኛ በለዋ!»

እጅ አስወጡ፤ ተሰረዝኩ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢሜን መላጨት ከጀመርኩ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። በማላውቀው ቃል ሲመቱኝ ከጥፊ ይልቅ ያንገበግበኛል። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ገዛሁና በጣቴ እየተከተልኩ ፈለግሁት። ከጓደኞቹ ተነጥሎ ከኋላ የሚንጠባጠብ ማለት ነው። ከሠራዊቱ ለቀረ ወታደር ይሆናል፤ ከመንጋው ለተነጠለ በግ ይሆናል፤ እንዳሻው ለተንዘላዘለ ሐረግና ጠጉርም ይሆናል። ገጹን ደጋግሜ አነበብኩት። ሰውዬው ለምን ኋላ እንደቀረ አንድም ቦታ አይናገርም። ፍርድ የጨመሩበት የእኛ ሰዎች ናቸው።

ለእናቴ አነበብኩላት። ጉልበት በነበራት ጊዜ ከእንጦጦ እንጨት ታወርድ ነበር።

«እኛስ ለኋለኛዋ ስም አላወጣንላትም» አለች። «የደን ጥበቃው የሚይዘው እሷን ነዋ! መታጠፊያው ላይ ሸክማችንን ድንጋይ አስደግፈን እንጠብቃታለን። እየሰደብናትም ቢሆን እንጠብቃታለን።»

ቀጥላም፣ «አሁን እኔን ማን ያነሣኛል?» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። መዝገበ ቃላቱን ዘጋሁት።

ከዚያ አንዲት የእድሩ አሮጊት ሞቱ። እሳቸውም እንደ እኛ አባዶ የገቡ ናቸው፤ ቤታቸው ከእኛ ሕንጻ ቀጥሎ ነው። ቀብሩ በድሮው ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እድርተኛው አስከሬን ሊያነሣ ከቀበና በአውቶቡስ ተጭኖ ወጣ። መንገዱ ተዘጋጋባቸው። አባዶ ሲደርሱም ሕንጻው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖባቸው ከዚህኛው ወደዚያኛው ሲንከራተቱ ረፈደ። የፍትሐቱ ሰዓት ሊያልፍ ሲል እኔና የሕንጻው ሰዎች ሳጥኑን በዚያ ጠባብ ደረጃ፣ በየመታጠፊያው እያቆምን እያዘነበልን፣ አወረድነውና በመኪና ጭነን ወደ ቀበና ሄድን። ስም የሚጠራ አልነበረም።

እድሩ የደረሰብን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ነው። አውቶቡሳቸው መንገድ ተዘግቶበት ወርደው በእግራቸው ተንጠባጥበው መጡ፤ አንዱ ከአንዱ ርቆ። ጸሐፊው ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል።

«ማን አነሣቸው?» አለኝ።

«ስትራግለሩ» አልኩት። ደስ እያለኝ ነው ያልኩት፤ አልዋሽም።

ሰብሳቢያችን ሽማግሌ ናቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና፣ «በል ስም ጥራ እንጂ!» አሉት። «በደንባችን ከሆነ ዛሬ እድሩ ራሱ ተሰርዟል።»

ቀብር ላይ መሳቅ ነውር ነው። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው የሳቡት ብዙዎች ነበሩ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ጸሐፊው ራሱ ተነሥቶ፣ ስም ጥሪው በቤተ ክርስቲያን በር ይሁን፣ ርቀው ለሄዱትም እኔ እደውላለሁ አለ። የእኔም ስም ይመለስ አለ፤ እጅ ወጣለት። ይቅርታ ግን አላለኝም። ይቅርብኝ፤ የፈለግሁት የእናቴን ቀባሪ ነበር።

ቤት ገብቼ፣ «ተመልሰናል» አልኳት።

«እንግዲህ ልሙታ?»

«ምን አስቸኮለሽ እማዬ? በዚህስ ኋላ ቅሪ!»

ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ ራሷ ሾርባ አምጣልኝ አለች። እኔም ትከሻዬ ላይ የከረመ ሳጥን የወረደልኝ መሰለኝ።

ስሜ በእድሩ መዝገብ የተመለሰው የካቲት አሥራ ሰባት ቀን፣ በኪዳነ ምሕረት ማግስት፣ እሑድ ረፋድ ላይ ነው።