በሦስት ጣት

ሰዓሊው በየሳምንቱ በሚያወጣው የኮሚክ መጽሔት ላይ የሰፈሩን ጉልቤ ጠባሳው እንኳ ሳይቀር ቁልጭ አድርጎ ስሎት ነበር። በአንዱ ሳምንት እትም ላይ ደግሞ ገደለው።

የማተሚያ ቤቱ በር በእርግጫ ተበረገደ። ጉልቤው ገብቶ ሰዓሊውን በጥፊ አጮለውና አንገቱን አንቆ፣ "አንተ ሞንጫሪ! ልጄ 'አባዬ ሞተ' ብላ ስታለቅስ አደረች!" አለው። ቀኝ እጁንም ጎትቶ ወረቀት መቁረጫው ሥር አስገባው።

ሰዓሊው "አምላኬ፣ እጄን አደራ!" ሲል ስለቱ ወረደ። አመልካችና መሃል ጣቱ ጠረጴዛው ላይ ቀሩ፤ ደሙ የተቆለለውን መጽሔት አራሰው።

ጉልቤው ስለቱን ዳግም ሲያነሳ፣ እዚያው መጽሔት የምትሰፋው የሰዓሊው ሚስት መሃል ገባች።

"በል ጨርሰዋ! ከዚያ አንተን ከሞት የሚያስነሳህ ማን ሊሆን ነው? እኔ እንደሆንኩ ከመስፋት በቀር አላውቅ!"

የጉልቤው እጅ አየር ላይ ቀረ። "ታስነሳኛለህ?"

"ለልጅህ ስል" አለ ሰዓሊው ጥርሱን ነክሶ።

አስነሳውም። በቀሩት ሦስት ጣቶች ያሰመረው መስመር ወፍራምና ሻካራ ሆነ፤ አንባቢው ግን ከበፊቱ አብልጦ ወደደለት፤ እስከ እርጅናውም በዚያው መስመር ሲስል ኖረ።

ዛሬ የከተማው ወጣት ሰዓሊዎች ሁለት ጣታቸውን አጥፈው ብሩሽ ይጨብጣሉ፤ ጥበቡ እዚያ ያለ መስሏቸው። ሽማግሌው ባያቸው ቁጥር ይስቃል።

"ኧረ ዘርጓቸው ልጆቼ! እግዚአብሔር አምስቱንም የሰጣችሁ እንድትሠሩባቸው ነው።"