አልጋ ላይ ያልወጡት ታካሚ

ወልቂጤ ሆስፒታል የሕክምና ተማሪዎችን ማስተማር የጀመርኩ ዕለት የክፍሉ ኃላፊ ቢሯቸው ጠሩኝና፣ «ዶክተር፣ ለተማሪዎቹ ስለ እኩልነትና አካታችነት ይነገራቸው ተብሏል። አርብ ከሰዓት ስላይድ አሳይተሽ ልቀቂያቸው» አሉኝ።

«ስላይድ ላይ ማንም ሰው አድልቶ አያውቅም። እኔ ራውንድ ላይ፣ ታካሚው አልጋ አጠገብ ነው የማስተምረው» አልኳቸው። ገና የመጀመሪያ ቀኔ ነው እንግዲህ! ምላሴ አያርፍም።

«ራውንድ በሽታ የሚታይበት እንጂ የስብከት ቦታ አይደለም። ሞክሪው፤ ሥራ ካጓተተ ግን ይቀራል» ብለው አሰናበቱኝ።

በማግስቱ ሴቶች ዎርድ ገባን። ሙራድ የሚባል፣ እዚያው ጉራጌ የአገና ልጅ፣ ከተማሪዎቹ ሁሉ ጎበዙ፣ አንዲት ታካሚ አቀረበ። እማማ ዘነበች ይባላሉ፤ ሆዳቸውን ያማቸዋል፣ ያስመልሳቸዋል። «ጨጓራ ይመስለኛል» አለ። እሳቸው ከአልጋው ጎን መሬት ላይ ነጠላቸውን አንጥፈው ተቀምጠዋል።

«ሆዳቸውን ዳስሰሃል?»

«አዎ ዶክተር፣ እንደተቀመጡ።»

«እንደተቀመጡ ሆድ ይዳሰሳል እንዴ? ማን አስተማረህ?»

አቀረቀረ። ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ «ከሸክላ ሠሪዎች ወገን ናቸው። በኛ አገር ዝቅ ተደርገው ስለሚታዩ የሰው አልጋ ላይ አይወጡም። እንዳላሳፍራቸው ብዬ ነው፣ ወላሂ» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ግን ልጁ ክፉ አይደለም፤ ማክበር መስሎት ነው። አገሩን የማያውቅ ተማሪ ቢሆን «አልጋው ላይ ይውጡ» ብሎ በጨረሰው ነበር።

«ይሉኝታህ እኚህን ሴትዮ እንዳይገድላቸው። ራስህ አስተኛቸው!» አልኩት።

ሙራድ መሬት ላይ አብሯቸው ተቀመጠና በጉራጊኛ አዋራቸው። እሳቸው እምቢ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጎረቤት አልጋ ያለች አስታማሚ ጮክ ብላ፣ «እሷ ከተኛችበት በኋላ ማን ሊተኛበት ነው?» አለች።

«እኔ!» አለ ሙራድ። ብድግ ብሎ ከነጋውኑ አልጋው ላይ ተዘረረ። ዎርዱ በሳቅ ሞላ፤ እማማ ዘነበችም ሕመማቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ወርዶ ክንዳቸውን ደግፎ አወጣቸው።

መጋረጃ ስበን ሲዳስስ እጁ ብሽሽታቸው ላይ ቆመ። «ዶክተር፣ እዚህ እብጠት አለ። ስጫነው አይመለስም።» እኔም ዳሰስኩት። እብጠቱ ውስጥ አንጀት ታንቋል! ጨጓራ ብለን ብናሳድራቸው ኖሮ አንጀቱ በስብሶ እናጣቸው ነበር። አልጋውን እየገፋን ወደ ቀዶ ሕክምና ሮጥን።

ከሰዓት በኋላ ቀዶ ሐኪሙ ወጥቶ፣ «አንጀታቸው ደህና ነው፤ ደርሳችኋል» አለን። ሙራድ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ። እኔ እልልታዬን አቀለጥኩት። ሆስፒታል ውስጥ ክልክል ነው፤ ይከልከል!

ኃላፊው ድምፁን ሰምተው መጡ። ነገሩን ስንነግራቸው፣ «የአርቡ ስላይድ ይቅር፤ ራውንዱን ያዢው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ወልቂጤም ቡታጅራም ያስተማርኩት በዚሁ መንገድ ነው።

በማግስቱ ራውንድ ላይ እማማ ዘነበች አልጋቸው መሃል ተንፈላሰው፣ «ትራስ ጨምሩልኝ» አሉን። ጨመርንላቸው።

ያልተኛ ታካሚ አልተመረመረም። ለምን እንዳልተኛ ማወቅ የሐኪሙ ሥራ ነው።