የእትዬ አንቀጽ ፈተና

ተማሪዎቿ ያወጡላት ስም እትዬ አንቀጽ ነው። ፊት ለፊት አይጠሯትም፤ እሷ ግን ከሰማችው ቆይታለች፣ ደስም ብሏታል። አምስት አግዳሚ ወንበር በሚይዘው የቤቷ የፊት ክፍል ለመልቀቂያ ፈተና የሚዘጋጁ ልጆችን ድርሰት ስታስጠና ሃያ ዓመት አለፋት። ዘዴዋ መቀስ ነው። የጻፉትን በአንቀጽ በአንቀጽ ትቆርጥና እንደ መጫወቻ ካርታ በውዛ ጠረጴዛው ላይ ትበትነዋለች። «በል፣ ቦታ ቦታውን አስይዘው» ትላለች። የትም ቢገባ ለውጥ የማያመጣ ቁራጭ ቅርጫት ይወርዳል። ስንቱ «እትዬ፣ እሱን ስጽፍ እኮ ነው የዋልኩት» ብሎ ተለማምጧታል፤ እሷ እቴ፣ ወይ ፍንክች።

ሆዷን ለሚያውቅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እትዬ አንቀጽ ከልጅነቷ ጀምሮ በሐሳብ የምትነጉድ ሴት ናት። ሩዝ እየለቀመች ትጠፋለች። ደረጃ እየወጣች መካከል ላይ ትቆምና ለምን እንደተነሳች ይጠፋታል። በአሥራ ስምንት ዓመቷ ይህንኑ ፈተና የወደቀችው በዚሁ ጠባይዋ ነው፤ በመስኮት የታያትን ደመና ስትከተል ሰዓቱ አለቀ። መግቢያ፣ ሦስት ምክንያት፣ መደምደሚያ የሚለውን አጥር ለተማሪዎቿ ከማጠሯ በፊት ያጠረችው ለራሷ ነበር።

ዘንድሮ ከትምህርት ቢሮ ደብዳቤ መጣ። የሚያስጠና ሰው ራሱ ፈተናውን ያለፈ መሆን አለበት፤ ያላለፈ በሩን ይዘጋል። ያለዚያ ክፍል ምን ሆና እንደምትውል ልታስበው ሞከረች፣ አልመጣላትም። በሃምሳ አንድ ዓመቷ ሄዳ ተመዘገበች።

በፈተናው ጠዋት ከገዛ ተማሪዎቿ ኋላ ተቀመጠች። ጥያቄው «ተመልሶ ቢመጣ የምትወዱት አንድ ቀን» ይላል። አጥሯን ተከትላ ስለ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ቀኗ ጻፈች፤ ምክንያት አንድ፣ ምክንያት ሁለት፣ ምክንያት ሦስት። ጊዜ ተርፏት ጨረሰች። ከዚያ የፀሐዩ ብርሃን ወለሉን ይዞ ቀስ እያለ ሲንፏቀቅ አየችና ነጎደች። የዚያ ሁሉ ሰው እስክሪብቶ ከሩቅ እንደሚሰማ ዝናብ ሆነላት። በየተማሪው ጀርባ አልፎ የሚጽፈው የሚታያት መሰላት፤ ያ መግቢያው ረዝሟል፣ ያቺ ሁለተኛ ምክንያቷ ከመጀመሪያው ጋር ያው ነው። እጇ ግን ሥራ አልፈታም። ስትነቃ ከደረት ኪሷ የማይለየውን ቀይ እስክሪብቶ ይዛለች። የራሷን ወረቀት አርማዋለች። ሁለት ቃል ሰርዛ፣ አንድ አንቀጽ ከባ፣ ከሃያ አሥራ አንድ ሰጥታዋለች። ግርጌው ላይ ልጆቹን የምትቆጣበትን ጽፋበታለች፦ «ይህን ማንም ሊጽፈው ይችላል። አንቺ የታለሽ?»

ክው አለች። ቀይ ቀለም የነካው ወረቀት እንደሚሰረዝ ስትናገር የኖረችው ራሷ ናት። ፈታኙን ጠርታ አዲስ ወረቀት ለመነችው።

«እናቴ፣ ሃያ ደቂቃ እኮ ነው የቀረዎት» አላት።

«ስጠኝ ብቻ።»

አጥር የሚታጠርበት ጊዜ አልነበረም። ስለዚያ ስለወደቀችበት ቀን ከመካከል ጀመረች። ወደ ቤት ስትመለስ አባቷ በሩ ላይ ተቀምጦ ጺሙን ይላጫል፤ ግማሽ ፊቱ አረፋ ነው። «እንዴት ነበር?» አላት። «ቀላል ነበር» አለችው። እሱም ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄ አለፈች ብሎ አወራ፤ ውጤቱ ሳይመጣም ሞተ። ያ ቀን ቢመለስላት፣ አባባ፣ ደመና ሳይ ነው የዋልኩት ትለው ነበር። ይህን ስትጽፍ እንባዋ ወረቀቱን እንዳያበላሽባት ወደ ኋላዋ ተለጥጣ ነበር። መደምደሚያው ሳይጻፍ ደወሉ ጮኸ።

ውጤቱ ከወር በኋላ መጣ። በአንድ ነጥብ አልፋለች። ለአደረጃጀት ያገኘችው ከአምስት ሁለት ነው፤ ከተማሪዎቿ ሁሉ ያነሰ። ልጆቹ ወረቀቱን እየተቀባበሉ ሳቁባት፣ እሷም አብራቸው ሳቀች።

«እትዬ፣ የሚያስጠናዎት ካጡ እኛ አለንልዎት» አለቻት አንዷ።

ሲሄዱላት ወደ ውስጥ ገብታ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች። እናቷ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን ደህና ነው። የጻፈችውን ሁሉ ነገረቻት፣ ውሸቷንም ጭምር። ለሰው አፍ አውጥታ ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነበር።

እናቷ የምታጥፈውን ልብስ ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። «አባትሽ እኮ ያውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«እንዳልሆነልሽ። ገና ፊትሽን ሲያይ ገብቶታል። ዕለቱን ጠርቶ ‹ልጅቷን ምንም እንዳትያት› አለኝ።»

«ታዲያ አለፈች እያለ ለጎረቤት ያወራው?»

«እንዳታፍሪ ነዋ። ‹ለከርሞ ትደግመዋለች፣ ያኔ እውነት ይሆናል› ይል ነበር።»

«ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ እማዬ፣ አንድ ቀን እንኳ አትነግሪኝም?»

«ምንም እንዳትያት ብሎኛል አልኩሽ እኮ» አለች እናቷ፣ ልብሷን ወደ ማጠፉ እየተመለሰች።