ያላጠፍኩትን አልፈርምም

ታናሽ እህቴን በጦር ሰፈሩ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች ነው የሚሉ አሉ፤ ምላሷን የቀመሱት ግን ሌላ ምክንያት ይሰጣሉ። ማዕረጓ ሃምሳ አለቃ፣ ሥራዋ ጃንጥላ ማጠፍ ነው። የዝናቡን አይደለም፤ ከአውሮፕላን የሚዘሉ ወታደሮች ጀርባቸው ላይ የሚያዝሉትን።

እናታችን ስትሞት እሷ አራት ዓመቷ ነበር፤ እኔ ስድስተኛ ክፍል። ደብተሬን አስቀምጬ እሷን አዘልኩ፤ ደብተሩን ተመልሼ አላነሣሁትም። አሁን የምሠራው የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው። አንሶላ አጥባለሁ፣ አንሶላ አጥፋለሁ።

«እኛ ቤት ሁሉም አጣፊ ነው» ትላለች መርፌ። «ያንቺ አንሶላ ባይዘረጋ ግን ሰው አይሞትም።»

አንድ ቀን ለቤተሰብ ሲፈቀድ ሥራዋን አይቼዋለሁ። ከክፍሉ ዳር እስከ ዳር የሚሄድ ጠረጴዛ ላይ ጨርቁን ትዘረጋለች፤ ገመዶቹን በጣቷ እየለየች፣ እጥፋቱን በክርኗ እየተጫነች ከረጢቱ ውስጥ ትከታለች። በመጨረሻ ከከረጢቱ ትንሽ ኪስ ካርድ አውጥታ ቀኑን ትጽፍና ትፈርማለች። ሌላ ሰው ባጠፈው ላይ መፈረም ወንጀል ነው። አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ አዛዡ ሻለቃ በፈለገው ጠዋት መደርደሪያው ጋ ይመጣና አንዱን አንሥቶ ካርዱን ያነባል። «ባለቤቷ ማናት?» ይላል። የፈረመችው ያንኑ አዝላ ትዘላለች። ሰበብ የለም። መርፌ እንዲህ ተብላ አሥራ አራት ጊዜ ዘላለች። በአሥራ አንደኛው ቀኝ ጉልበቷ ተጎዳ፤ ከዚያ ወዲህ ደረጃ የምትወርደው ወደ ጎን ዞራ ነው።

ስትቀጠር የነበረው ደንብ ሃያ ዓመት ያገለገለ ወታደር ከፈለገ ይወጣል፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ጡረታውን ያገኛል የሚል ነበር። እሷ ያን ቀን ስትጠብቅ ኖረች። ስትወጣ የመኪና ሸራ መስፊያ ቤት ልትከፍት፣ እኔ ደግሞ ከማጠቢያው ልወጣ። «ትንሽ ነው የቀረው እትዬ፣ ወገብሽን ጠበቅ አድርጊልኝ» ትለኝ ነበር።

ልክ አሥራ ስምንት ዓመት ከአራት ወር ስትሞላ አዲስ ደንብ ወጣ። ሃያው ሃያ ስድስት ሆነ፤ ጡረታውም ሰው ሃምሳ አምስት ዓመት ሳይሞላው አይጀምርም ተባለ። ለአዲስ ተቀጣሪ ብቻ መስሎን ነበር። በሥራ ላይ ያሉትንም ይጨምራል። እሷ ሃምሳ አምስት ሲሞላት እኔ ስልሳ አራት ነኝ። ያኔ አንሶላው ያጥፈኛል እንጂ እኔ አላጥፈውም።

«ተይው» አልኳት። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።»

«ሰማዩን ለኛ ተዪልን» አለች። «ከሰማይ ሰው ስናወርድ ነው የኖርነው።»

በሳምንቱ ከጡረታ መሥሪያ ቤት አንድ ሰውዬ ቅጽ ተሸክሞ መጣና አጣፊዎቹን አዳራሽ ሰበሰበ። የሆነውን ጓደኞቿ እቤታችን መጥተው እየሳቁ ነው የነገሩኝ። ቅጹ «አንብቤ፣ ተረድቼ፣ ተስማምቻለሁ» ይላል።

መርፌ እጇን አወጣች። «የምናነበው የታለ?»

«ዝርዝሩ በኋላ ይላክላችኋል። ለአሁኑ ፊርማው ይበቃል፤ ከምሳ በፊት እንጨርስ።»

«ጌታዬ፣ እዚህ ቤት ሳያጥፍ የፈረመ እስር ነው የሚገባው።»

«ይሄ ጃንጥላ አይደለም፣ ሃምሳ አለቃ።»

«ታዲያ ምንድን ነው? ዕድሜያችንን ሙሉ አዝለነው መጨረሻ ላይ የምንዘልበት አይደል? ማን ነው ያጠፈው? እርስዎ ነዎት?»

«የበላይ አካል ነው።»

«እሺ። የበላይ አካል ይዘልበታል?»

ሰውዬው ወረቀቱን ማገላበጥ ያዘ።

«የእርስዎስ ጡረታ በዚሁ ደንብ ነው?»

«የእኔ... እኔ ሲቪል ነኝ። በቀድሞው ነው የሚቀጥለው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። አንዷ ከኋላ «ሰውዬው ለራሱ ሌላ ጃንጥላ ይዟል!» ብላ ጮኸች። ከሰውዬው ጎን የተቀመጠው ሻለቃ ጠረጴዛ ደብድቦ ዝም አሰኛቸው። መርፌ ግን እስክሪብቶዋን አውጥታ ቅጹ ላይ «ያላጠፍኩትን አልፈርምም» ብላ ጻፈችና ከሥሩ ፈረመች። ያቺን ዓረፍተ ነገር ራሷ ስላጠፈቻት መፈረም ትችላለች። ከእሷ ሌላ ካሉት ሠላሳ አጣፊዎች ሃያ ዘጠኙ ቃል በቃል ገለበጧት።

በማግስቱ ከጠረጴዛው አንሥተው የዘላዮቹ ማሰሪያ ቀበቶ የሚከማችበት መጋዘን ላኳት።

«አላልኩሽም?» አልኳት።

«ማሰሪያም ይታጠፋል» አለች።

ከዚያ አንድ ደብዳቤ ተለጠፈ፤ ያልፈረመ እንደተስማማ ይቆጠራል የሚል። እኔ አበቃ አልኩ። እኔ ቶሎ ነው አበቃ የምለው፤ ለምጄዋለሁ። እሷ ግን ሃያ ወር ሙሉ እመጋዘን አቧራ ውስጥ ማሰሪያ እየለየች ሃያ ዓመቷን ጠበቀች። ሊሞላት ሳምንት ሲቀረው በቀድሞው ደንብ የጡረታ መጠየቂያ ጻፈችና እንዳነበው ሰጠችኝ።

«እኔ ምን አውቄ?»

«ለዚያ እኮ ነው። አንቺ ያልገባሽ ቦታ ለእነሱ ማምለጫ ቀዳዳ ነው።»

በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ሁለት ቦታ አልገባኝም አልኳት፤ ሁለቱንም ሰርዛ እንደገና ጻፈች። ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ አልገባኝም ስል ጽሑፉን ሲያርሙልኝ የመጀመሪያዬ ነው።

በቀኑ ከሥራ አስፈቅጄ ጡረታ መሥሪያ ቤቱ አብሬያት ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለው ጸሐፊ ገና ርዕሱን እንዳየ መልሶ ገፋው።

«ይሄ ደንብ ተሽሯል፣ እህቴ። መቀበል አልችልም።»

«ይፈቀድልኝ አላልኩህም። ዛሬ ደርሶኛል ብለህ ቀን ጻፍበትና ፈርም።»

«የማላውቀው ነገር ላይ አልፈርምም።»

መርፌ ሳቋ መጣ። «ጎሽ! አንተን ነበር አዳራሹ ውስጥ የፈለግነው። በል እንግዲህ፣ አንብበው።»

«ሰው ተሰልፏል።»

«ሁለት ገጽ ነው። እህቴ ታጥፎ የማያልቅ አንሶላ ትታ መጥታ ቆማለች፤ ሰልፉም ይቆማል።»

ወንበር አመጣሁላት፤ አልተቀመጠችም። «ከተቀመጥኩ ስነሣ ጉልበቴን ያዩታል» አለችኝ በጆሮዬ። ከኋላችን ያሉት ማጉረምረም ጀመሩ። ጸሐፊው «ነገ ይምጡ» ለማለት አፉን ሲከፍት እኔ ወረቀቱን ወደሱ መልሼ ገፋሁት። ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፤ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አለቃዬ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም።

«አንብብ፣ የኔ ልጅ» አልኩት። «እኔ ከስድስተኛ ክፍል የቀረሁት ገብቶኛል። አንተ አያቅትህም።»

አነበበው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ዝላዮቿ ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ አያት፣ ተመልሶ አነበበ። ከዚያ «ደርሶኛል» ብሎ ቀኑን ጻፈ፣ ፈረመ፣ ማኅተም መታበት። ቅጂውን ሲሰጣት «ይከለክሏችኋል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ይከልክሉ» አለች። «ግን በጽሑፍ፣ ስማቸውን ጽፈው።»

መልሱ እስካሁን አልመጣም። ይመጣል ብዬም አልጠብቅም፤ መጠበቅ የሷ ሥራ ነው። ከሃያ ዘጠኙ አጣፊዎች ግን ሃያ ዓመት የሞላቸው እየመጡ ያንን ሁለት ገጽ ይገለብጣሉ፤ እኔም እያንዳንዱን በጣቴ እየተከተልኩ አነብላቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዷ የጻፈችው ላይ አንድ ቦታ አልገባኝም። እንደገና አስጻፍኳት።