የሺና አልቆም ያለው ስክሪን

ዛሬ ጠዋት ቢሮ ውስጥ የአዲሱ ባልደረባችን ስክሪን ቁጥር ሲያጎርፍ አይቼ ሳቄ አመለጠኝ። "ምን ያስቅሻል?" አለኝ። ምን ብዬ ልንገረው! ትዝ ያለችኝ የሺ ናት።

ደብረ ብርሃን ስንማር የዶርም ጓደኛዬ ነበረች፤ የአንኮበር ቄስ ልጅ። የመመረቂያ ሥራዋ የብዙ ዘመን አጽዋማትንና በዓላትን የሚያሰላ ፕሮግራም ነበር። ኮንሶል የምንለው ጥቁር መስኮት ላይ ጥያቄ ስትጽፍለት ወዲያው ይመልስላታል። መልሱ ሲረዝም ግን መሃሉን ዘሎ ጫፍና ጫፉን ብቻ ያሳያል። የሺ ይሄን አልወደደችም። ዳዊት ስትደግም መስመር ከዘለለች አባቷ ከመጀመሪያው እያስጀመሯት ነው ያደገችው። "መሃሉን መዝለል ነውር አይደለም እንዴ!" ብላ ሁሉንም እንዲያወጣ አዘዘችው። "ኧረ ተይ አንቺ ሴትዮ!" ብያት ነበር፤ ማን ሰምቶኝ።

የምታቀርብበት ቀን የሰኔ ዝናብና ብርድ ተባብረውብናል። አባቷ የገብስ ቆሎ ቋጥረው ከአንኮበር መጥተው ከኋላ፣ ከእኔ ጎን ተቀምጠዋል። የሺ ያን ቀን ካላለፈች ከእኛ ጋር አትመረቅም።

"እስቲ የመጪውን ዓመት ፋሲካ አሳዪኝ" አላት ፈታኙ መምህር።

የሺ እንደ ልማዷ የዘመኑን ሁሉ ዝርዝር አንድ ላይ ስትጠራው ስክሪኑ ጎረፈ። እግዚኦ! ዘመን በዘመን ላይ ይነጉዳል፤ የተጠየቀችው ወደ ላይ ሸሽቶ ጠፋ። መምህሩ ሰዓቱን አየ። "አቁሚውና አንዱን ብቻ አውጪ" አላት። እሷ ግን አባቷን አየት አድርጋ ደርቃ ቀረች። አንጀቴን በላችው።

አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። "የሺዬ፣ ስንክሳሩንስ ቢሆን የዕለት የዕለቱን አይደል የምናነበው? የተጠየቅሽውን አውጪ። ሙሉውን ቤት ስንገባ ለእኔ ታነቢልኛለሽ።"

እንባዋን ዋጥ አድርጋ ጎርፉን አቆመችውና ያንን ዓመት ብቻ ጠየቀችው። አንዲት መስመር ወጣች።

"ልክ ነው አባ?" አለ መምህሩ ወደ ኋላ ዞሮ።

"ልክ ነው" አሉ።

አለፈች! እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ለባልደረባዬ ስክሪኑን ዝም የሚያሰኝበትን መንገድ አሳየሁትና ለየሺ ደወልኩላት። አባቷ ካረፉ ገና ዓመት አልሞላቸውም።

"ለመሆኑ ያኔ ሙሉውን አነበብሽላቸው?" አልኳት። እስከ ዛሬ ጠይቄያት አላውቅም።

"ክረምቱን ሙሉ ነዋ! መጨረሻው አካባቢ ስንደርስ አስቆሙኝና 'የዚህን ዓመት ጾም እንኳ እኔ አልደርስበትም፤ አንቺ ትጾሚዋለሽ' አሉኝ። ያም ዓመት ዘንድሮ ገባ።"

ለመምህሩ አንድ መስመር በቃው። ለእሳቸው ግን እንኳንም አንድ ሳታስቀር አነበበችላቸው።