የጋሽ ሙሉጌታ ሽቶዎችና የቤዛ ጠርሙስ

ኦክላንድ፣ የጋሽ ሙሉጌታ ፍትሐት ላይ የነበርነው ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ፣ ከካምቤል የመጡት እህታቸው፣ ፈረንሳይ አገር አብረዋቸው የተማሩ ሁለት አዛውንት፣ የሪችመንድ ታክሲ ነጂዎች፣ የሳን ሆዜ ጎረቤቶቻቸውና እኔ ነን። የዘለልኩት ሰው ካለ ይቅርታ፤ ያየሁትን ነው የምጽፈው። ሽቶ ቀማሚው ጋሽ ሙሉጌታ ዐርፈዋል፤ ያልሰማችሁ ስሙ።

በወጣትነታቸው ለኬሚስትሪ ትምህርት ፈረንሳይ ሄደው ሽቶ ቅመማ ተምረው ቀሩ። ሳን ሆዜ ከመጡም በኋላ በጋራዣቸው የሚሠሩት በዚያው በድሮው በፈረንሳዮቹ መንገድ ነበር። መጀመሪያ ሎሚ ሎሚ ይሸታል፤ ቀጥሎ አበባ ይመጣል፤ ማታ ቆዳ ላይ የሚቀረው የዛፍ ሽበት፣ ያ ግንድ ላይ የሚንጠለጠለው፣ ነው። ቀምመው ሲጨርሱ ጠርሙሱን እስኪያርፍ ጨለማ ውስጥ አስቀምጠው ለሳምንታት አይነኩትም።

ልጄ ቤዛ ተማሪያቸው ነበረች። እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ እሷ ሙያ ትያዝ ብዬ የወሰድኳት እኔው ነኝ። ግን ችኩል ናት።

«ጋሼ፣ ሰው ኦርደር አድርጓል እኮ! ዛሬ ሺፕ እናድርገው።»

«አላረፈም።»

«ኖባዲ ኬርስ፣ ጋሼ!»

«አፍንጫ ያለው ሁሉ ኬር ያደርጋል፣ የኔ እመቤት።»

ራሳቸው ሽቶ አይቀቡም ነበር። ለምን ብላቸው፣ «በርበሬ ጎርሶ የወጥ ጨው የሚቀምስ ማነው?» አሉኝ። አንዲት ነርስ የመድኃኒት ሽታ መረረኝ ብትላቸው ከሥራ ስትወጣ የምትቀባው ሠሩላት፤ ዋጋውን ስትጠይቅ ተቆጧት። ለብዙዎቻችን እንደየጠባያችን ቀምመውልናል። ለቤዛም አንድ ጠርሙስ ሰጧት፤ «ይህ የሷ ብቻ ነው» ብለው ዳግመኛ አልሠሩትም።

አንድ ቀን ያላረፈውን ሽቶ ደብቃ ለደንበኛ ላከችው። ተቆጧት፤ እሷም ተቆጣች። ሁለቱም እልኸኞች! እኔም ለሳቸው አግዤ ተናገርኳት። ልብሷን ትታ ጠርሙሷን ይዛ ከቤቴ ወጣች፤ ስልኳንም ቀየረች። አስታርቁን ብዬ ብለምናቸው «ተያት፣ ትረፍ። ትመለሳለች» አሉኝ። እናት እንዴት ነው እንደ ሽቶ የምትጠብቀው?

በፍትሐቱ ቀን እያንዳንዳችን ለክብራቸው ብለን የቀመሙልንን ሽቶ ተቀብተን መጣን። ሁላችንም! እሳቸው እኮ ሁለት ሽቶ አንድ ክፍል ውስጥ ሲገናኝ ሮጠው መስኮት የሚከፍቱ ሰው ነበሩ። ዲያቆኑ ሳይቀር አስነጠሰው። ስንወጣ የቤዛ ሽቶ በአጠገቤ አለፈ። ዞር ብል ጥቁር ነጠላና ጀርባ ብቻ ነው። ልከተለው ብል ከሌላው ሁሉ ተደባልቆ ጠፋኝ። እትዬ አልማዝ «ሐዘን ነው፣ መስሎሽ ነው» አሉኝ። አልመሰለኝም። የልጄን ሽታ አውቃለሁ። እስካሁን ያናድደኛል።

ጋሽ ሙሉጌታ፣ እርስዎ ቢሆኑ ከዚያ ሁሉ መካከል ዓይንዎን ጨፍነው ለይተው «ያቻት፣ በሩ ጋ» ይሉኝ ነበር። ሳያስታርቁን በመሄድዎ ቅሬታዬ አልወጣልኝም፤ ልዋሽዎት አልችልም። ቢሆንም በሰላም ይረፉ። ለእርስዎስ መጥታልዎታለች።

በሩ አካባቢ የቆማችሁ ግን፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ያለባት ልጅ አይታችሁ ከሆነ እባካችሁ ኮል አድርጉልኝ። ትምጣ አላልኩም። ደኅና መሆኗን ብቻ ንገሩኝ።